ያደረግነውን ማስክ የት እናስቀምጠው?

የመክፈቻ ጥያቄ

እሑድ ጠዋት እናቴ ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ ተነሳች። ነጠላዋን አጣፍታ በሩ ላይ ቆመችና ማስክ አምጪልኝ አለችኝ። የብፌውን መሳቢያ ሳብኩት። ዘጠኝ ማስክ ቆጠርኩ። ከቁልፍ፣ ከመብራት ደረሰኝ፣ ከጧፍ ቁራጭና ከቻርጀር ገመድ ጋር ተጠላልፈው ተኝተዋል። የትኛው የማን ነው? የትኛው አዲስ ነው? ትናንት ባጃጅ ውስጥ አድርጌው የመጣሁትስ የቱ ነው? መለየት አቃተኝ። ንጹሕ የመሰለኝን አንስቼ ሰጠኋት። ሁለት እርምጃ ሳትሄድ አወለቀችው። ሽታው አልተስማማትም።

ወደ መስኮቱ ወስጄ ገለበጥኩት። አፍ በሚያርፍበት በኩል ኑግ የተበተነበት ይመስላል። ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ። ሻጋታ ነው። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ጳጉሜ ላይ ዝናብ መትቶኝ የረጠበ የጨርቅ ማስኬ ነው። በፌስታል ቋጥሬ ቦርሳዬ ውስጥ ረስቼው ነበር። በኋላ የሆነ ሰው አውጥቶ መሳቢያው ውስጥ ጣለው።

እናቴ አስም አለባት። ሐኪሟ አቧራ ሲበዛ፣ ሰው ሲጨናነቅና ጉንፋን ሲገባ ማስክ እንድታደርግ መክሯታል። ይጠብቃታል ብዬ የሰጠኋት ነገር ሻጋታ ሆኖ መገኘቱ ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ዋለ። ማስክ ስለማድረግ ብዙ ተነግሮናል። ካወለቅነው በኋላ የት እንደሚያድር ግን የነገረን ሰው ትዝ አይለኝም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው። አዲሱን ቤት ውስጥ የት ታስቀምጡታላችሁ? አንዴ ተደርጎ ገና የሚያገለግለውንስ? የረጠበውንስ? መንገድ ላይ ምሳ ለመብላት ስታወልቁት የት ታደርጉታላችሁ?

27 መልስ መጣ። አንዳንዱ አስተማረኝ፣ አንዳንዱ አናደደኝ። ዘግይታችሁ ለመጣችሁ እንዲመቻችሁ በቅደም ተከተል በራሴ ቃል ጽፌዋለሁ።

መልስ 1

ከአዘዞ የጻፈች እህት ናት። አስቀድማ እናቴ እንዴት እንደሆነች ጠየቀች። እግዜር ይስጣት። ከዚያ የቤቷን አሠራር ነገረችን። በሩ አጠገብ ሦስት ሚስማር መትታለች። በእያንዳንዱ ላይ አንድ የካኪ ፖስታ በልብስ መቆንጠጫ ተንጠልጥሏል። ፖስታው ላይ የባለቤቱ ስም በትልቁ ተጽፏል። ከውጭ የገባ ሰው ማስኩን በጆሮ ክሩ ይዞ ያወልቃል። የራሱ ፖስታ ውስጥ ይከተዋል። ቀጥሎ ወደ እጅ መታጠቢያው ይሄዳል። ፖስታው ሲያረጅ ይቀየራል። ይኸው ነው።

መልስ 2

አንድ ወንድም ሐሳቡን ወደደው፣ ወረቀቱን ግን አልወደደውም። የጎንደር በጋ አቧራ በወረቀት አፍ ይገባል ባይ ነው። ዚፕ ያለው ላስቲክ ይሻላል ብሎ ተከራከረ።

መልስ 3

እዚህ ላይ ውይይቱን ያስተካከሉልን ሲስተር መጡ። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ለረጅም ዓመታት ሆስፒታል ሠርተዋል። እንደሳቸው አባባል ክርክሩ የወረቀትና የላስቲክ አይደለም። የደረቅና የእርጥብ ነው።

አዲስና ደረቅ ማስክ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ይቀመጥ። ላስቲክም ቢሆን ችግር የለውም፤ አቧራ ይከለክላል። ለተወሰነ ሰዓት የተደረገ ማስክ ግን በትንፋሽ ረጥቧል። ባይታየንም እርጥበት አለው። እሱ አየር የሚያስገባ ነገር ይፈልጋል። ወረቀት ወይም የጨርቅ ከረጢት። ዝናብ የመታው ወይም በላብ የራሰ የጨርቅ ማስክ ደግሞ ቤት እስኪደረስ ላስቲክ ውስጥ ቢገባ ነውር የለውም። ቤት እንደተደረሰ ግን ወዲያው ወጥቶ ይታጠብ። ስህተቱ ላስቲክ ውስጥ መክተቱ አይደለም፣ እዚያው መርሳቱ ነው አሉ። ይህ ለኔ የተጻፈ ነው።

ስለ ሰማያዊው ማስክም ጨመሩ። እሱ አይታጠብም። ሲረጥብ፣ ሲቀደድ ወይም ሲቆሽሽ ይጣላል። 50 ፍሬ የሚይዘው ካርቶን ራሱ ጥሩ ማስቀመጫ ነው። ሁሉንም አውጥቶ መሳቢያ ውስጥ መበተን አያስፈልግም። በታጠበ እጅ አንድ አንድ እየሳቡ መጠቀም ነው። ካርቶኑ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ አይቀመጥ፣ የማስኩ የጆሮ ላስቲክ ይበሰብሳል። ማድ ቤትም አይቀመጥ፣ ጭስና የዘይት እንፋሎት ይጠጣል።

መልስ 4

አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሰማያዊውን ማስክ በኦሞ ሦስት ጊዜ እያጠበ እንደሚጠቀምበት ጻፈ። ታጥቦ ሲደርቅ አዲስ ይመስላል። ብር የሚቆጥብ ዘዴ ነው ብሎ ለሁላችን መከረ።

መልስ 5

ለተማሪው የተሰጠ መልስ ነበር፤ ትንሽ ጠንከር ያለ ነው። ጸሐፊዋ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። መምሰልና መሥራት ይለያያሉ አለችው። ማስኩ ሦስት ሽፋን አለው። ሥራውን በዋናነት የሚሠራው የመካከለኛው ነው። ፕላስቲክ ቀልጦ እንደ ሸረሪት ድር ቀጥኖ የተነፋ ጭረት ነው። ብዙ ጊዜ በላዩ ላይ የኤሌክትሪክ ሙሌት አለ። ማበጠሪያ ፀጉር ላይ ታሽቶ ቁርጥራጭ ወረቀት እንደሚስበው ሁሉ፣ ያ ሽፋንም ብናኙን ስቦ ያስቀራል። ሳሙና ሲነካው ሙሌቱ ይሄዳል። መልኩ ይቀራል፣ ጉልበቱ አይቀርም።

ይህን ሳነብ ማስክ የወንፊት ዓይነት ነገር እንደሆነ ብቻ አስብ እንደነበር ገባኝ።

መልስ 6 እና 7

ቀጥሎ የመጣው ሰው ደንግጦ ነው የጻፈው። እሱ አያጥብም። አልኮል ይረጭበትና መሳቢያ ውስጥ ያስገባዋል። በተለይ ኤን95 ማስኩን። ሲስተር ተመልሰው መጡ። አልኮልም እንደ ሳሙናው ሙሌቱን ያጠፋዋል አሉት። ኤን95 የተባለው በጣም ጥቃቅን ብናኝን ቢያንስ 95 በመቶ ስለሚያስቀር ነው። አልኮል የጠጣ ኤን95 ስሙን ብቻ ይዞ ይቀራል። ይልቅ እንዳይጨፈለቅ አድርጎ በወረቀት ከረጢት ማንጠልጠል ይበቃዋል። ቀን ቆጥሮ ማፈራረቅም ይቻላል። አራት አምስት ማስክ ካለ፣ የዛሬው ተራው እስኪደርስ በደረቅ ቦታ ያርፋል።

መልስ 8

በጣም የወደድኩት መልስ ይህ ነው። ቅዳሜ ገበያ አካባቢ የሚሠሩ ልብስ ሰፊ ናቸው። ረጅም ጽሑፍ ጻፉ፣ አንዱንም መዝለል አልፈለግሁም።

እሳቸው ለልጆቻቸው ከአቡጀዲ የሰፉት ከረጢት አለ። ተራ ሰማያዊ ማስክ ወደ 17 ሳንቲ ሜትር ተኩል ርዝመት አለው። ስለዚህ አንድ ስንዝር ርዝመትና የስንዝር ግማሽ ወርድ ያለው ከረጢት ለእጥፉም ለዝርግም ይበቃል። ሁለት ኪስ አለው። አንዱ ኪስ አፉ በነጭ ክር ተዘምዝሟል፤ ንጹሑ የሚገባበት ነው። ሁለተኛው በቀይ ክር፤ ያደሩበትና የዋሉበት የሚገባበት። ማንበብ የማይችል ልጅም ክሩን አይቶ ያውቃል። በመካከል ያለው ጨርቅ ሁለት ድርብ ነው፤ የአንዱ እርጥበት ወደ ሌላው እንዳይሻገር። አፉ ላይ ቁልፍ የለውም። በክር ይሳባል። ቁልፍ ሲጠፋ ክፍቱን ይቀራል፣ ክር ግን አይጠፋም ብለው ምክንያቱን ጻፉ።

አንድ ማሳሰቢያ አላቸው። ከረጢቱም ከማስኩ ጋር ይታጠብ። ቆሻሻ ከረጢት ውስጥ የገባ ንጹሕ ማስክ ንጹሕ አይባልም።

መልስ 9 እና 10

ከዚህ በኋላ ስለ አጣጠፍ ክርክር ተነሳ። አንዷ የምንተነፍስበት በኩል ወደ ውስጥ ይታጠፍ አለች። አፍ የሚነካው ክፍል እንዳይቆሽሽ ነው ነገሯ። ለኔም ትክክል መስሎኝ ነበር። ሲስተር ግን ተቃራኒውን አሉ። የውጩ ፊት ነው የሰውን ሳልና አቧራውን የያዘው። ስለዚህ እሱ ነው ወደ ውስጥ ታጥፎ ከራሱ ጋር የሚገጥመው። ያኔ የያዘውን ወደ ከረጢቱና ወደ እጃችን አያዳርስም። የምንተነፍስበት በኩል ከረጢቱን መንካቱ አይቀርም። ልብስ ሰፊው ከረጢቱ ይታጠብ ያሉት ለዚህም ይሠራል። እህታችን አመሰገነች፤ ነገሩ በዚህ ተዘጋ።

መልስ 11

አንድ የባጃጅ ሹፌር ከፒያሳ ማራኪ የሚሠራ ነው። ድሮ ማስኩን ስፖኪዮው ላይ ያንጠለጥለው ነበር። ጠዋት ሲያወልቅ ነጭ ነው፣ ማታ ሲያደርገው ቡና ዓይነት ነው። አንድ ቀን በነጭ ሶፍት ጠረገውና ሶፍቱ ላይ የወጣውን አቧራ አይቶ ተወው። አሁን ከመሪው ሥር ባለችው ሳጥን ውስጥ ሁለት ነገር ይይዛል። በላስቲኩ እንደታሸገ አንድ አዲስ ማስክ፣ እና ለሚያወልቀው አንድ የካኪ ፖስታ። አገጭ ላይ አውርዶ ማዋልም ትቷል። አገጭና አንገት ላይ ያለው ላብና አቧራ ተመልሶ አፍ ላይ ይወጣል አለ።

ተሳፋሪዎች ያደረጉትን ማስክ መቀመጫ ላይ ጥለውለት እንደሚወርዱም አማረረ። ፌስታል እጁ ላይ ገልብጦ አጥልቆ ያነሳዋል። እባካችሁ የራሳችሁን ይዛችሁ ውረዱ ብሎ ለመነ። ተገቢ ልመና ነው።

መልስ 12

ነገሩ የተቆጣው እዚህ ነው። አንድ ሰው መጣና ይህ ሁሉ ወሬ ለምን እንደሆነ ጠየቀ። የዓለም ጤና ድርጅት የኮሮናን ዓለም አቀፍ የአስቸኳይ ጊዜ ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አብቅቷል ብሏል። አሁንም ስለ ማስክ ከረጢት የሚያወራ ሰው ወይ ሥራ ፈት ነው ወይ ከረጢት ሻጭ ነው ብሎ ጻፈ። ልብስ ሰፊውን ነበር የነካው። ቅር አለኝ። እኚያ ሰው የት እንደሚሸጡ እንኳ አልጻፉም፤ ልኩን ነው በነጻ የሰጡን።

መልስ 13 እና 14

ሁለት መልስ ተከታትሎ ወረደበት። የላቦራቶሪዋ ባለሙያ ቀኑን አልተቃወመችም። ያበቃው የአስቸኳይ ጊዜው እንጂ በሽታው አይደለም አለችው። ማስክ የተፈጠረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ ሲገኝ አይደለም፤ ከዚያ በፊትም የሳንባ ነቀርሳ ክፍል የሚሠራ ሰው ያደርገው ነበር። ሁለተኛው መላሽ ያን ያህል አልታገሰም። ስድብ ቢጤ አለበት፤ እሱን አልደግመውም።

መልስ 15

ከዚያ ውይይቱ ጸጥ አለ። ይህን መልስ የጻፈው ልጅ አባቱ የሳንባ ነቀርሳ ታመው አስታሟል። ስድስት ወር ሙሉ። መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ጨርሰው አሁን ድነዋል።

አባቱ ተራውን ማስክ ያደርጋሉ፣ እሱ ኤን95 ያደርጋል። ሁለቱም መቀመጫ ይፈልጋሉ። ሚስማር በሩ ላይ መትቶ ሊያንጠለጥል አሰበ። ግን የሚመጣ ጎረቤት ያያል። ማስክ የተንጠለጠለበት ቤት ምን እንዳለ ሰው ይጠረጥራል። ስለዚህ ፍራሽ ሥር ደበቀው። ኤን95ቱ ተጨፈለቀ። አፍንጫው ላይ መግጠም ተወ። ሲተነፍስ አየሩ በጎን ያመልጣል፣ መነጽሩ ይደበዝዛል። ለክትትል ጤና ጣቢያ ሲሄዱ የጤና ባለሙያዋ አይታ ምን እንደነካው ጠየቀችው። እውነቱን ነገራት። እሷም አልተቆጣችውም። ኤን95 ሦስት ጠላት አለው ብላ አስረዳችው። እርጥበት፣ ቆሻሻ፣ መጨፍለቅ። በቀጭን ጨርቅ ጠቅልሎ ደረቅ መደርደሪያ ላይ እንዲያሳርፈው ነገረችው። ከዚያም በላይ መስኮቱን ክፍት እንዲያደርግ።

ከዚያ ቀን በኋላ የአባቱ የጸሎት መጻሕፍት ያሉበት መደርደሪያ ላይ፣ ከመጻሕፍቱ ጀርባ፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ያስቀምጠው ነበር። የሚያየው የለም፣ የሚጨፈልቀውም የለም።

አንብቤ ስጨርስ ለረጅም ጊዜ ምንም መጻፍ አልቻልኩም። የማስቀመጫ ጥያቄ የይሉኝታ ጥያቄም እንደሆነ አላሰብኩም ነበር።

መልስ 16፣ 17 እና 18

ወሬው ወደ አጠባ ዞረ። የዓለም ጤና ድርጅት የጨርቅ ማስክ ቢያንስ በ60 ዲግሪ ሙቅ ውኃና በሳሙና ይታጠብ ይላል። ሙቅ ውኃ ከሌለ በሳሙና አጥቦ ለአንድ ደቂቃ ማፍላት ነው። አንድ የፊዚክስ ተማሪ ጣልቃ ገባ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ይበልጣል። እዚህ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ታዲያ ማፍላቱ ይበቃል ወይ? የላቦራቶሪዋ ባለሙያ ጥያቄውን ወደደችው። ከ60 በጣም ይበልጣል፣ ይበቃል አለች።

ሦስተኛዋ ጸሐፊ በረኪና ትጨምራለች። ሽታው እንዲጠፋ ደግሞ አቼቶ ጠብ ታደርጋለች። እዚህ ላይ እኔም ሳልጠብቅ ጻፍኩላት። እህቴ፣ በረኪናና አቼቶ ሲገናኙ ክሎሪን የሚባል መርዘኛ ጋዝ ይወጣል። አስም ያለበት ሰው ያለበት ቤት ውስጥ ይህን ማድረግ ከባድ አደጋ ነው። ጤነኛውንም ሳፋው ላይ ጎንበስ እንዳለ ሊያፍነው ይችላል። ሳሙናና የፈላ ውኃ ይበቃል። በረኪና ቢያስፈልግ እንኳ ብቻውን፣ በጣም ቀጥኖ፣ ከዚያ ደጋግሞ ማለቅለቅ።

መልስ 19

አንዲት የአንደኛ ደረጃ መምህርት የ2013 ዓ.ም. ትዝታዋን አመጣች። ልጆቹ ማስክ አድርገው ሲማሩ በእረፍት ሰዓት ይለዋወጡ ነበር። ቀይ ያለው ሰማያዊ ያምረዋል። አበባ ያለበት ማስክ በአንድ ቀን አራት ልጅ ፊት ላይ ተገኘ። መፍትሔዋ ከልብስ ሰፊው ጋር ይመሳሰላል። እያንዳንዱ ልጅ ማስኩ ጥግ ላይ የራሱን ምልክት እናቱ በክር እንድትጠልፍለት አደረገች። ኮከብ፣ ዓሣ፣ ፊደል። የልጅ ማስቀመጫ ደግሞ ደብተር መያዣው ውስጥ ሳይሆን አንገቱ ላይ በክር የተንጠለጠለ ትንሽ ከረጢት ነበር። ትንንሾቹ ሲሮጡና ሲታገሉ ክሩ እንዳያንቃቸው ብላ ግን ለነሱ ወገብ ላይ አሳሰረችው።

መልስ 20፣ 21 እና 22

ጥምቀት መጣ። የጎንደር ሰው ባለበት ጥምቀት የማይመጣበት ወሬ የለም። አንዱ ጥር 11 ፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት ሲሄድ ሦስት ማስክ ይዞ ይወጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ውኃው ተባርኮ ሲረጭ ማስኩ ይርሳል። የራሰ ማስክ አየር አያሳልፍም፣ ፊት ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ ሁለት ንጹሕ በየፖስታቸው በደረት ኪሱ፣ ለረጠበው አንድ ላስቲክ በሱሪ ኪሱ ይይዛል። የደረት ኪስ ለንጹሕ፣ የሱሪ ኪስ ለቆሻሻ። ይህን ሕግ ወስጄዋለሁ። ባሕር ዳር ለመሄድ ሦስት ሰዓት ያህል አውቶቡስ ውስጥ ስቀመጥም ይሠራልኛል።

ቀጥሎ አንዱ ጠበል ሲረጭ ፊት መሸፈን ተገቢ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ክርክሩ ጦፈ። አንድ አባት ግን በእርጋታ መለሱ። እኛ አፍን መሸፈን ከውጭ አልተማርነውም። ነጠላን አፍ ላይ ማጣፋት የኖረ ሥርዓት ነው አሉ። ልብ የሚያሳርፍ መልስ ነበር። ነጠላ ስስ ነውና የማስክን ሥራ እንደማይሠራ ግን ራሳቸው ጨመሩ። ከዚያ ወደ ጥያቄዬ እንድንመለስ ለመንኩ።

መልስ 23

አንዲት የቤት እመቤት ቡና ላይ ስለሚሆነው ጻፈች። እንግዳ ይመጣል። ማስኩን ያወልቃል። የት ያደርገዋል? ጉልበቱ ላይ፣ ሶፋው ክንድ ላይ፣ አንዳንዴም ረከቦቱ ጥግ ላይ። ስኒ የሚነሳበት ቦታ ላይ ማለት ነው። ፖስታ ብትሰጠው ንቃኝ ነው ብሎ እንዳይቀየም ትፈራለች። በመጨረሻ ያገኘችው ዘዴ ደስ ይላል። ፈንድሻውን ስታቀርብ ለእያንዳንዱ ሰው የታጠፈ ሶፍት አብራ ታቀርባለች። ለራሷም ታስቀምጣለች። ማስኳን አውልቃ እጥፉ መካከል ታደርጋለች። እንግዳው አይቶ እሱም እንደሷ ያደርጋል። አንድም ቃል አልተነገረም።

መልስ 24 እና 25

የ12ኛው መልስ ጸሐፊ ተመለሰ። ይቅርታ አልጠየቀም። ግን የያዘው ነገር ቁም ነገር ነበር። ስለ ማስቀመጥ ብዙ አወራችሁ፣ ስለ መጣል ምንም አላላችሁም አለ። ቦዩ ውስጥ ማስክ አለ፣ የከብት መንገድ ላይ ማስክ አለ። የወፍ እግር በጆሮ ክር ታስሮ አይቷል። እኔም ልክ ነው ብዬ ጻፍኩለት። መፍትሔው ግን አልተስማማኝም። ሰብስቦ ኅዳር 12 ቀን ኅዳር ሲታጠን ከቆሻሻው ጋር ማቃጠል ነው ያለው። ብዙ ሰው ልማዱን ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ጋር ስለሚያያይዘው፣ ማስክ ማቃጠሉ ትርጉም አለው ብሎ ነው።

ሲስተር ናቸው የመለሱለት፣ ትንሽ ኮስተር ብለው። ሰማያዊው ማስክ ጨርቅ ቢመስልም ፕላስቲክ ነው። ደጃፍ ላይ ሲቃጠል ጭሱ በየቤቱ ይገባል። የዚህች ልጅ እናት አስም እንዳለባት አላነበብክም ወይ አሉት። የጆሮ ክሩን በመቀስ በጥሱት፣ በፌስታል ቋጥራችሁ ክዳን ያለው ቆሻሻ ውስጥ ክተቱት። የወፏም እግር ይተርፋል፣ ልጅም አንስቶ ፊቱ ላይ አያደርገውም። ሰውየው ስለ ወፏ ብቻ አመሰገነ። ለኔ ይበቃኛል።

መልስ 26

ክረምት ላይ የጨርቅ ማስክ አልደርቅ ስላላት እህት ነው። ማታ አጥባ ጠዋት ስታነሳው ቀዝቃዛ ነው። ልብስ ሰፊው በካውያ ተኩሺው አሉ። ጥጥ ካውያ ይችላል፣ ሙቀቱም ያደርቀዋል። አንድ ነገር ግን አስጠነቀቁ። መካከሉ ላይ ሰው ሠራሽ ስስ ሽፋን ያለበት ማስክ ከሆነ ካውያው ያቀልጠዋል። ላስቲኩንም እንዲሁ። ስለዚህ እሳቸው ለክረምት የሚሰፉት ሦስቱንም ሽፋን ከጥጥ፣ ማሰሪያውንም ከጨርቅ ነው። የሽፋኑ ጥቅም በመጠኑ ይቀንሳል፣ ግን ደርቆ የሚያድር ማስክ ከሚሻግት ማስክ ይሻላል አሉ። እኔ በዚህ እስማማለሁ።

መልስ 27

ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት መሳቢያውን ሙሉ በሙሉ ገለበጥኩት። ከዘጠኙ ስድስቱ ተጣሉ፣ ክራቸው ተበጥሶ። ሦስቱ ጨርቅ ስለነበሩ ታጥበው ፈልተው ተሰጡ። አዲሱ ካርቶን ከማድ ቤቱ ርቆ ቁምሳጥን ውስጥ፣ የላይኛው መደርደሪያ ላይ ገባ። በሩ አጠገብ ሚስማር መታሁ። መጀመሪያ ከፍ አድርጌው ነበር። እናቴ እጇን ስትዘረጋ ትከሻዋን ያማታል፤ ነቅዬ በደረቷ ልክ አወረድኩት።

ከረጢቶቹን ከአሮጌ ነጠላዋ ሰፋኋቸው። ልብስ ሰፊው በሰጡን ልክ፣ በነጭና በቀይ ክር። እጄ ያን ያህል ስላልሆነ የአንዱ ዝምዝማት ጠመመ። እናቴ የጠመመውን መረጠች፤ በዳሰሳ ታውቀዋለች። ዛሬ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ በነጩ ክር በኩል አንድ ንጹሕ ይዛ ወጣች። ስትመለስ በቀዩ በኩል አስገብታ ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው። ሳልነግራት።

አንድ ያልተፈታ ነገር ቀርቶኛል። ኤን95 ለስላሳ ከረጢት ውስጥ ይጨፈለቃል። ልብስ ሰፊው በሁለቱ ጨርቅ መካከል ቀጭን ካርቶን አስገብተው እንደሚሞክሩት ነግረውኛል። ልኩን ሲልኩልኝ እዚሁ እጽፈዋለሁ።